እትዬ ሙጫና ጣሪያ የሌለው ቤት

ሙሉ ስማቸው በዚህ ወረቀት ሽፋን ላይ፣ ከፎቶግራፋቸው ሥር ታትሟል። በዚያ ስም ሲጠሯቸው የኖሩት ግን የደመወዝ ክፍልና የሆስፒታል ካርድ ክፍል ብቻ ናቸው። እዚህ የተሰበሰበው ለቀስተኛ ሁሉ በሚያውቃቸው ስም፣ እትዬ ሙጫ እያልን፣ የሕይወት ታሪካቸውን እናሰማለን። ጽሑፉን ያዘጋጀችው ታናሽ እህታቸው ናት። ለስለስ አድርጊው ተብላ ተለምና ነበር፤ አልሆነላትም።

እትዬ ሙጫ ከልብስ ሰፊው አባታቸውና በሆስፒታል አንሶላ ያጥቡ ከነበሩት እናታቸው በ1946 ዓ.ም. ተወለዱ። ያደጉት በአባታቸው የስፌት መኪና ሥር ነው ማለት ይቻላል። ከላይ የሚወድቀውን ቁርጥራጭ ጨርቅ ከታች እየለቀሙ ለታናሽ እህታቸው አሻንጉሊት ይሠሩላት ነበር። እጅና እግሩ፣ ፀጉሩ፣ ቀሚሱ ሁሉ ተሟልቶ ዓይኑ ብቻ ሲቀር መርፌውን ያቀብሏታል። «ዓይኑን አንቺ ስፊለት፤ አለዚያ ያንቺ አይሆንም» ይሏት ነበር። ታናሽየዋ ሰነፍ ስለነበረች ዓይን በሌላቸው አሻንጉሊቶች ተከብባ አደገች።

ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ትምህርት ቤት እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከታተሉ። በዚያው ዓመት የእናታቸው እጅ በሳሙናና በፈላ ውኃ ብዛት ቆስሎ ከሥራ ሲቀሩ፣ እትዬ ሙጫ ደብተራቸውን ዘግተው ከአባታቸው ጎን መቀስ ያዙ። ቀሪውን ትምህርት በማታው ክፍል፣ ወንበር ላይ እያንቀላፉም ቢሆን፣ ጨርሰዋል። በ1966 ዓ.ም. በሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ የጥራዝ ክፍል ውስጥ በመጽሐፍ ጠራዥነት ተቀጠሩ።

የጥራዝ ክፍሉ ምድር ቤት ነበር። በጠባቧ መስኮት የሚታየው የአላፊ አግዳሚው ጫማ ብቻ ነው። ጀርባቸው የተላቀቀ፣ ገጻቸው የተገነጠለ፣ ሻይ የፈሰሰባቸው መጻሕፍት እየተቆለሉ ይመጡላቸዋል፤ እሳቸው በወስፌ ይበሳሉ፣ በሰም በታሸ ክር ይሰፋሉ፣ ሙጫ ቀብተው ከብረት መጫኛው ሥር ያሳድራሉ። በ1970 ዓ.ም. ከአውቶቡስ ሾፌር ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴት ልጅ ወልደዋል። ባለቤታቸው፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ የሙጫው ሽታ ከትራሱ አልለቅ ሲላቸው «እኔ ሚስት አገባሁ እንጂ ጥራዝ ክፍል አገባሁ እንዴ?» እያሉ ያስቁን ነበር።

አሁን ወደ ጠረጴዛው እንምጣ።

በ1977 ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዶፍ ወረደ። ከመንገድ ዘው ብለው የገቡ ልጆች የንባብ አዳራሹን በጭቃና በጫጫታ ሞሉት። የአዳራሹ ተቆጣጣሪ ዘበኛ ጠርተው ሊያስወጧቸው ሲሉ፣ እትዬ ሙጫ የወረቀትና የካርቶን ቁርጥራጭ የሞላ ቅርጫት ተሸክመው ከምድር ቤት ወጡ። «በዚህ ዝናብ የት ይሂዱልዎት? ለእኔ ይስጡኝ» ብለው በስተኋላ ባለው ባዶ ክፍል፣ በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀመጧቸው። ዝናቡ አባራ፤ ከልጆቹ ግን ንቅንቅ ያለ አልነበረም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሳይዘንብም መጡ። ያኔ በሩ ላይ «የእጅ ሥራ፣ በነፃ፣ ዕድሜ አይጠየቅም» የምትል ካርቶን ተለጠፈች። እትዬ ሙጫ የሚለው ስምም ያኔ ወጣ።

ከዚያ ወዲያ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቅዳሜ የእሳቸው አልነበረም። ካርቶኑን ከሱቅ፣ አዝራሩን ከልብስ ሰፊ፣ ክሩን ከምንጣፍ ሠሪ እየለመኑ በዕረፍት ቀናቸው ያንን ጠረጴዛ አቆሙት። የወረቀት ወፍ፣ ጭምብል፣ የአዝራር ሐብል፣ የጌጥ ሣጥን ያልተሠራበት ቅዳሜ የለም። ጡረተኛው ይመጣል፤ ፀጉር አስተካካዩ ሱቁን ዘግቶ ይመጣል፤ ዘበኛው ተራው ሲያልቅ ኮፍያውን አውልቆ ከልጆቹ መሀል ይቀመጣል። የገዛ ልጃቸው ሠርግ እንኳ እሑድ የሆነው «ቅዳሜ ቀጠሮ አለብኝ» ብለው ድርቅ ስላሉ ነው። ሙሽራይቱ ያን ዕለት አኩርፋ ነበር፤ አሁንም ስታነሳው ታኮርፋለች፤ እውነቷን ነው።

ጠረጴዛው ሁለት ሕግ ነበረው። አንደኛው፣ የሰው ሥራ አይነካም። እትዬ ሙጫ ሲያስተምሩ እጃቸው በሽርጣቸው ኪስ ውስጥ ነው። ልጁ ቢያጣምመው፣ ቢያዝረከርከው፣ ቢያለቅስም እጃቸው አይወጣም፤ በአፋቸው ብቻ ይነግሩታል። ሁለተኛው፣ ያልተጨረሰ ሥራ አይጣልም። ስም ተጽፎበት ባለመስታወቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ ባለቤቱ መጥቶ፣ ወንበር ስቦ እስኪቀመጥ ድረስ የፈለገውን ያህል ዓመት ይቆያል። ይህ ለወሬ የተባለ አይደለም። አንዲት ነርስ በሁለተኛ ክፍል ጀምራው የነበረውን የአዝራር ሐብል እርጉዝ ሆና መጥታ ጨርሳዋለች። ያን ዕለት ጠረጴዛው ዙሪያ ያላለቀሰ አልነበረም፤ ዘበኛው ጭምር።

ከእነዚያ ልጆች አንዷ የጫማ ነጋዴ ልጅ ነበረች። ዘጠኝ ዓመት ገደማ ቢሆናት ነው። ከአባቷ ሱቅ በመጣ የጫማ ካርቶን ቤት ሠራች። በሩ ይከፈታል፣ መስኮቱ የላስቲክ መስታወት አለው፣ ደረጃው እንኳ መደገፊያ ነበረው። ጣሪያው ብቻ ሲቀር ቤተሰቧ ወደ ሌላ ከተማ ሊሄድ ሆነ። ልጅቱ ቤቷን አቅፋ «አይጣልብኝም አይደል፣ እትዬ?» እያለች አለቀሰች። እትዬ ሙጫም «አንቺ ብቻ ነይ እንጂ እዚሁ ታገኚዋለሽ» ብለው ቃል ገቡላት። ቤቱ ቁም ሣጥን ገባ። ልጅቱም ሄደች።

እትዬ ሙጫ በ2006 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። አንድ የግድግዳ ሰዓትና አንድ የምስክር ወረቀት ተሰጣቸው፤ የጥራዝ ክፍሉም በእሳቸው ማግሥት ተዘጋ። ቅዳሜ ግን እንደ ወትሮው ሽርጣቸውን ይዘው ይሄዱ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለቤተ መጻሕፍቱ አዲስ ኃላፊ ተሾሙ። ያቺ የጫማ ነጋዴ ልጅ ነበሩ።

የእትዬ ሙጫ ደስታ ይህን ያህላል ተብሎ አይነገርም። ኃላፊዋ በአቀባበሉ ዕለት በሰው ሁሉ ፊት አቅፈው ሳሟቸው፤ መድረክ ላይ ወጥተውም «እኔ የዚያ ጠረጴዛ ልጅ ነኝ» አሉ፤ ተጨበጨበላቸው። እትዬ ሙጫ የጫማ ካርቶኑን ቤት ከቁም ሣጥኑ አወጡት። ታችኛው መደርደሪያ እርጥበት ገብቶበት ስለነበር ፀሐይ ይንካው ብለው ወደ ቤታቸው ወሰዱት፤ ለጣሪያ የሚሆን ተመሳሳይ ካርቶንም ፈልገው ከአጠገቡ አስቀመጡ። እህታቸው «ውሰጂው በይና ጥሪያት» ስትላቸው «ሥራው የእሷ ነው፤ እሷ ናት መጠየቅ ያለባት። ትመጣለች» ይሉ ነበር። ሁለት ዓመት ጠበቁ። ኃላፊዋ በየኮሪደሩ ሲያገኟቸው «እማማ፣ ጤናዎ እንዴት ነው?» ይላሉ። ስለ ቤቱ ግን አንድ ቀን ትንፍሽ አላሉም።

ከዚያ በኋላ እትዬ ሙጫ ታመው ሆስፒታል ተኝተው ሰነበቱ። በወጡ በመጀመሪያው ቅዳሜ ሲሄዱ ልጆቹ በር ላይ ቆመዋል፤ በሩ ተቆልፎ «ለስብሰባ አዳራሽ እድሳት ተዘግቷል» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። ዘበኛው ዓይናቸውን ማየት አቅቶት «እትዬ፣ ቁም ሣጥኑ ውስጥ የነበረውን ሁሉ ትናንት በቆሻሻ መኪና ጭነው ወሰዱት። ተው ብላቸው ማን ይሰማኛል» አላቸው። ወፉ፣ ጭምብሉ፣ ሐብሉ፣ ስም የተጻፈበት ሁሉ፣ የስንቱ ሰው የልጅነት ሥራ በአንድ ጧት ሄደ።

እትዬ ሙጫ ፎቅ ወጡ። ጸሐፊዋ «ስብሰባ ላይ ናቸው» አለቻቸው። በሚቀጥለውም ሳምንት ስብሰባ ላይ ነበሩ። ጥራዝ ክፍል ውስጥ ዕድሜያቸውን የጨረሱት ሴት ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እንደ ባዕድ ደጅ ጠኑ። በመጨረሻ ኃላፊዋን ኮሪደር ላይ አገኟቸው። «እማማ፣ እሱ እኮ ባለቤት የሌለው የካርቶን ቆሻሻ ነው፤ አይጥ ነበር የሚያራባብን» ተባሉ። እትዬ ሙጫ «እሺ ልጄ» ብለው ደረጃውን ወረዱ።

ታናሽ እህታቸው ይህን ስትሰማ ጮኸችባቸው። «‹ያንቺው ቤት እኔ ጋ ተቀምጧል› ብለሽ ለምን አልነገርሻትም?» ስትላቸው «በሠራተኞቿ ፊት? ታፍራለቻ!» አሏት።

ከዚያ በኋላ ለተወሰኑ ቅዳሜዎች ልጆቹን በቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ላይ አስቀምጠው ለማሠራት ሞከሩ። መግቢያ ይዘጋል ተብሎ ከዚያም ተነሡ። ያን ሁሉ ዓመት ለሰው የተዘረጋው እጃቸው አመድ አፋሽ ሆኖ ቀረ። ቅዳሜ ሲደርስ ግን ለብሰው፣ ፀጉራቸውን አበጥረው መስኮት አጠገብ ይቀመጡ ነበር። የሐኪሙ ወረቀት ኩላሊት ይላል። ታናሽ እህታቸው ከሐኪም ጋር ክርክር አትገጥምም፤ ኩላሊታቸው ግን ቅዳሜ ሥራ እስካላቸው ድረስ ደኅና ነበር።

እትዬ ሙጫ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው በተወለዱ በሰባ አንድ ዓመታቸው ባለፈው ሐሙስ ማለዳ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። አንዲት ሴት ልጃቸውን፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን፣ ይህን የጻፈችውን እህታቸውን፣ እንዲሁም ዛሬ ከግቢው ውጭ ድረስ የቆመውን፣ መቀስ አያያዝ ያስተማሩትን ሰው ሁሉ አሳዝነው ሄደዋል።

ዓርብ ዕለት ከቤተ መጻሕፍቱ መልእክተኛ መጥቶ ነበር። የአበባ ጉንጉን ይዟል፤ ሪባኑ ላይ «ለባለውለታችን» ተብሏል። የስብሰባ አዳራሹ በእትዬ ሙጫ ስም እንደሚሰየምና ኃላፊዋ ዛሬ ንግግር ለማድረግ እንደሚሹ ነገረን። ቤተሰቡ መክሮ ጉንጉኑን ተቀብሏል፤ አበባው ምን አጠፋ። ንግግሩ ግን አይደረግም።

እትዬ ሙጫ በመጨረሻዎቹ ቀናት ለልጃቸው የተናዘዙት ነገር ቢኖር ይህ ነው፦ «ቤቷን ስጧት። ግን በጓሮ በር፣ ሰው ሳያይ። እንዳታፍር።» ልጃቸው ቃላቸውን ልትጠብቅ ፈልጋ ነበር። እምቢ ያለችው ታናሽ እህታቸው ናት። የስንቱን ልጅ ሥራ በጠራራ ፀሐይ በቆሻሻ መኪና ሲያስጭን የጓሮ በር ያልፈለገ ሰው፣ የራሱንም በፊት ለፊት በር ይውሰድ።

ክብርት ኃላፊ፣ ፊተኛው ረድፍ ላይ መቀመጥዎን አይተናል። ከመውጫው በር በስተቀኝ ትንሽ ጠረጴዛ አለ። የጫማ ካርቶን ቤትዎ እዚያ ላይ ነው፤ ስምዎም በልጅነት ጽሕፈትዎ ይነበባል። ለጣሪያው የሚሆነው ካርቶን፣ መቀሱና ሙጫው ከአጠገቡ ተቀምጧል። እትዬ ሙጫ ያዘጋጁት ነው፤ ካርቶኑን ግን አልቆረጡትም፣ የሰው ሥራ አይነኩምና። ወንበርም አስቀምጠንልዎታል። ለቀስተኛው ሲወጣ በአጠገብዎ ያልፋል፤ እርስዎ አይቸኩሉ። አይጣልብዎትም።

ለእትዬ ሙጫ ደግሞ፣ የማንንም ጅምር ላልጣሉት፣ ፈጣሪ ከደጁ ሳያቆም ነፍሳቸውን ይቀበልልን። አሜን።