ከቶሊዶ ቡድን የተባረርኩ ዕለት

ቪሊያሚ፣

ከልምምድ ስትመለስ አታገኘኝም። ዛሬ ጠዋት ከቡድኑ አባረሩኝ።

ማቀዝቀዣው ውስጥ ያለውን የጎድን ሥጋ ዛሬውኑ ጥበሰው፤ ነገ ይሸታል። ቧንቧው በብርድ እንዳይፈነዳ ማታ ማታ ትንሽ ክፈተው።

እሁድ ጉልበቴ አብጦ ሐኪሙ ማደንዘዣ ሲወጋኝ አጠገቤ ነበርክ። አሰልጣኝ ሃግስትረም ጀርባዬን እየመታ «ራንዴል፣ የኔ አንበሳ! ያላንተ የመከላከያ መስመር የለንም» ሲለኝም ሰምተሃል። ያው ሰውዬ ዛሬ ሳንድዊቹን እያላመጠ «በቃ፣ ጉልበትህ አልቋል፣ ወንድሜ» አለኝ። ማዮኔዙ አገጩ ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

ስወጣ ዕቃ ጠባቂው ሽማግሌ ዌንደል ስሜን ከቁም ሳጥኔ ላይ እየላጠ ነበር። «ቪሊያሚ አልነገረህም እንዴ? ትናንት እኮ ቦታህን ለሱ ሰጡት» አለኝ።

ትናንት ማታ አብረን እራት በላን። ስለ አየሩ አወራኸኝ።

ይሁን፣ ተወው።

ብቻ ነገ ያንተ ቁርጭምጭሚት ሲያብጥ ያን መርፌ እንቢ በላቸው። በዚህ የአሜሪካ ፉትቦል በሚሉት ግፊያ አምስት ከተማ ዞሬ የተማርኩት ይህን ብቻ ነው።

ቅድም ጉልበቴ አልታጠፍ ብሎኝ ሻንጣዬን አቅፌ የቤታችንን ደረጃ በመቀመጫዬ እየወረድኩ ሳለ ከኦማሃ ቡድን ተደወለልኝ።

«ጉልበትህ እንዴት ነው?»

«እንደ ብረት ነው፣ ጌታዬ!» አልኩ።

ከሃግስትረምም ካንተም ይልቅ ያን ጊዜ የገዛ ድምፄ አስጠላኝ።

ቁልፉን ምንጣፉ ሥር ታገኘዋለህ።

ራንዴል