ሳትነግረኝ የሰጠኸው አደራ

ውድ አባዬ፣

ከተለየኸን አንድ ዓመት ከዘጠኝ ወር ሆነ። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ ሐዘኑ አላስጽፍ ብሎኝ ነው። ዛሬ የምጽፍልህ ደግሞ ስለተቀየምኩህ ነው።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርህ። እማዬ ደህና ናት፤ ስኳሯም ወረድ ብሏል። ቶርኖ ቤትህን ዘግተነዋል። ማሽኑን እንግዛ ብለው ሁለት ሰዎች ሳቢያን ሰፈር ቤታችን ድረስ መጥተው ነበር፤ እማዬ ግን «እሱ ሳይፈቅድማ አልሸጥም» ብላ መለሰቻቸው። ማን ጠይቆህ እንደሚመጣ እንጃ። የተከልከው ፓፓያ አፍርቷል፤ ወፍ እየቀደመን ነው እንጂ።

መሐንዲስ ያደረግከኝ አንተ ነህ፤ ይህን አልክድም። ገና ዘጠኝ ዓመቴ ሳለ ከትምህርት ቤት ስወጣ ቶርኖ ቤት እየመጣሁ ብረት ሲላጭ አይ ነበር። በማሽኑ ጩኸት ላይ እየጮህክ «ስንት ነው?» ስትለኝ ከመለኪያው አንብቤ እነግርሃለሁ። ደንበኞችህ ሲስቁ «ሳቁ፣ ነገ አለቃችሁ ናት» ትላቸው ነበር። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ መካኒካል ምህንድስና ሲደርሰኝ በግ አረድክ። ማሽኑ የግራ እጅህን ጣት ግማሹን ወስዶብህ እንኳ፣ «ሴት ልጅ ከብረት ጋር ምን አላት» ያለህን ዘመድ ሁሉ ተቆጣህልኝ።

ወርክሾፕ የገባን ቀን የሆነውን ታውቀዋለህ። በክፍላችን አራት ሴቶች ነበርን። ቴክኒሻኑ ጋሽ አህመድ ወንዶቹን በየማሽኑ አቆሙና ለእኛ ደብተር አደሉን፤ «የእናንተ ጽሕፈት ያምራል፣ ሪፖርቱን እናንተ ጻፉ» አሉን። ለአንድ ቀን መስሎኝ ነበር። እስክመረቅ እንደዚያው ቀረ። ወንዶቹ ብረት ሲቆርጡ እኔ ምን ያህል እንደቆረጡ ስጽፍ ኖርኩ። ቤት መጥቼ እየተናደድኩ ስነግርህ፣ ጫማህን እያወለቅክ ትሰማኝና «አይ የዚህ አገር ሰው፣ ሴት ማሽን የምትበላበት ይመስለዋል» ትል ነበር። ጋሽ አህመድን ከእኔ እኩል አማሃቸው፣ አባዬ። አሁን ሳስበው ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

በጥሩ ውጤት ተመርቄ እዚያው አስተማሪ ሆኜ ስቀር አይተህ ነው የሄድከው። ያላየኸውን ልንገርህ። ባለፈው ዓመት የወርክሾፕ ልምምዱን እንዳስተምር ተመደብኩ። የመጀመሪያው ቀን ብረቱን አስሬ ማሽኑን ሳስነሳው ብረቱ ይወዛወዝ ጀመር። አንድ ተማሪ ሮጦ አጠፋልኝና «ቲቸር፣ መሃል አልያዘም» ብሎ አስተካከለው። ክፍሉ ሳቀ። ሴቶቹ ደብተራቸውን ይዘው ጥግ ቆመው ነበር፤ እነሱ አልሳቁም።

ትምህርት ክፍሉ የሴት ተማሪዎችን ጉዳይ የሚያይ ኮሚቴ ሲያቋቁም ተነስቼ ጋሽ አህመድን በስማቸው ከሰስኳቸው። እዚያው ተቀምጠዋል። አንገታቸውን ደፉ እንጂ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ከወርክሾፕ ተነስተው ወደ ንብረት ክፍል እንዲዛወሩ ተወሰነ። ቤት ገብቼ በደስታ ለእማዬ ነገርኳት። እማዬ የምትለቅመውን ምስር አስቀመጠችና «ሰውየው ምን አጠፉ? ማሽን እንዳያስነኩሽ አደራ ያላቸው አባትሽ አይደለም እንዴ?» አለችኝ። የማውቅ መስሏት ነበር።

በማግስቱ መጋላ ሰፈር፣ ጋሽ አህመድ ቤት ድረስ ሄድኩ። አልካዱም። ወርክሾፕ በገባሁበት ሳምንት መጥተህ፣ ያቺን ጣትህን አሳይተህ ለምነሃቸዋል። እኔን ብቻ ለይተው ቢያስቀሩኝ እንደማፍር አስበው አራታችንንም ደብተር አስያዙን። ከእኛ በኋላ የመጡትንም እንደዚያው አደረጓቸው፤ የየትኛዋም አባት ቢመጣ የሚለው ይህንኑ ነው ብለው። ታዲያ ኮሚቴው ፊት ለምን ዝም አሉ ስላቸው፣ «አቦ ተይኝ፣ ወላሂ በሙት አላሳብብም» አሉኝ። ከእኔ ይልቅ ለአንተ ታመኑልህ።

መፍራትህ ይገባኛል። ፈርቻለሁ ብትለኝ ኖሮ ተጨቃጭቀን፣ ተኳርፈን፣ ምናልባትም አሳምኜህ ነበር። አንተ ግን ፊት ለፊት በርቺ እያልከኝ በጓሮ ዞረህ በሩን ዘጋህብኝ። ነገሩ በእኔ ብቻ ቢቀር ምን ነበረበት። ስማቸውን እንኳ የማታውቃቸው የሰው ልጆች በአንተ ልመና ጥግ ቆመው ተመረቁ። ከሌላ ሰው ቢመጣብኝ እችለው ነበር፤ ከአንተ ይመጣል ብዬ ግን ለአንድ ቀን እንኳ አልጠረጠርኩም።

ኮሚቴው ፊት ተመልሼ ቀረብኩ። ቀብርህ ላይ የነበሩት ባልደረቦቼ ሁሉ ባሉበት፣ ያስደረገው አባቴ ነው ብዬ ስምህን ጠራሁ። የዝውውሩ ውሳኔ ተሽሮ ጋሽ አህመድ ከወርክሾፑ አልተነሱም፤ ከአሁን በኋላ የማንም ወላጅ ልመና ሴት ልጅን ከማሽን እንደማያስቀርም ተጽፎ በሩ ላይ ተለጥፏል። ጠዋት ጠዋት ከሴት ተማሪዎቼ ጋር ቆሜ ማሽኑን ከእሳቸው እየተማርኩ ነው። እማዬ ግን የአባትሽን ገመና አደባባይ አወጣሽ ብላ ሁለት ሳምንት አኮረፈችኝ።

ሁለተኛ ሙት ዓመትህ ሦስት ወር ቀርቶታል። መቃብርህን አጸዳለሁ፣ ስምህንም በጸሎት አስጠራለሁ። በሕይወት እስካለሁ አልረሳህም፣ ቃሌ ነው፤ የወደድከኝንም ያደረግክብኝንም አንዱን ከሌላው ሳልደብቅ አስታውሳለሁ። ይቅር ብዬሃለሁ እንድልህ ግን አሁን አትጠብቀኝ፣ አባዬ። እየሞከርኩ ነው፤ ገና አልቻልኩም።

ልጅህ ሰናይት