ስለ አርባ ስምንቱ የትንበያ ቅጾች

ለተከበሩ አቶ ደገፉ፣
የወጣት መራጮች ዝንባሌ ትንበያ ጥናት አስተባባሪ፣
ወላይታ ሶዶ

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኔ ከእንቅልፍ በቀር ሁሉ ተሟልቶልኝ ደህና ነኝ።

ብርነሽ ባዳቾ እባላለሁ። እዚሁ ሶዶ አሥራ አንደኛ ክፍል የዜግነት ትምህርት አስተምራለሁ። ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት ክፍሌ ድረስ መጥተው፣ አርባ ስምንቱ ተማሪዎቼ ዕድሜያቸው ለምርጫ ሲደርስ ማንን እንደሚመርጡ የሚጠይቅ ቅጽ ስላደሉልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

አንደኛ፣ ስለ ጥንቃቄዎ አመሰግናለሁ። ቅጹ የልጁን ሙሉ ስም፣ ቀበሌውን፣ የአባቱን ሥራና የሥራ ቦታ በማስቀደሙ፣ ልጆቹ ጥያቄውን ከመመለሳቸው በፊት የማን ልጅ እንደሆኑ እንዲያስታውሱ ረድቷቸዋል። ተማሪዬ ኢየሩሳሌም ተነስታ «ጋሼ፣ ድምፅ ምስጢር ነው ተብለን ተምረናል፤ ስማችን ለምን ተፈለገ?» ስትልዎት፣ «ይሄ ድምፅ አይደለም የኔ ልጅ፣ ትንበያ ነው» ብለው ፈገግ ያሉበት ትሕትና አይረሳኝም። ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። ያስተማርኳት እኔ ነበርኩ። እኔ ግን ፊቴን አዙሬ ሰሌዳ እጠርግ ነበር፤ ሰሌዳው ላይ የተጻፈ ነገር አልነበረም።

ሁለተኛ፣ ቅጾቹን ሰብስቤ ዓርብ እንዳስረክብ እምነት ስለጣሉብኝ አመሰግናለሁ። ረቡዕ ጠዋት የተማሪዬ የዱንያ አባት፣ ገበያ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ ያላቸው አቶ ሳሊህ ትምህርት ቤት መጡ። ይግቡ ብላቸው አሻፈረኝ አሉ።

«መምህርት፣ ልጄ የጻፈችውን አልጠይቅዎትም። ወረቀቷን ብቻ ይመልሱልኝ።»

«ምን አስፈራዎት?» አልኳቸው፣ ራሴ እየፈራሁ።

«ሱቄ የት እንደሆነ ጽፋለች። ምርጫው ገና ነው፤ የንግድ ፈቃዴ ግን የሚታደሰው በየዓመቱ ነው።»

እኚህን ሰው ሃያ ዓመት አውቃቸዋለሁ። ደጅ ቆመው ሲለምኑ አይቼ አላውቅም ነበር።

ሦስተኛ ብዬ ልቀጥል አስቤ ነበር፤ ምስጋናው ግን እዚህ ላይ አለቀብኝ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ መምህራን ክፍል ተቀምጬ የቅጾቹን ስምና አድራሻ ያለበትን የላይኛውን ክፍል በመቀስ ቆረጥኩ። አርባ ስምንቱንም። ሐሙስ ቁራጮቹን ለየባለቤቶቻቸው አደልኩ። ዱንያ የራሷን አጣጥፋ ጫማዋ ውስጥ ከተተችው።

ዓርብ ቀሪውን ይዤ ቢሮዎ መጣሁ። አገላብጠው አዩና «ስሙን ማን ቆረጠው?» አሉኝ። ከማተሚያ ቤቱ ነው ልል ተዘጋጅቼ ነበር፤ ከአፌ የወጣው «እኔ ነኝ» የሚለው ሆነ። አልተቆጡም። እስክሪብቶዎን አንስተው «እንግዲያው የእርስዎን እንይዛለን» አሉኝና ቀበሌዬን ጠየቁኝ። ነገርኩዎት። እንኳን ቀበሌዬን፣ ያልጠየቁኝንም ለመናገር ዳድቶኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ባጃጅ በራፌ ላይ ባዘገመ ቁጥር ቆሜ አዳምጣለሁ። ቦዲቲ ከተማ ላለችው እህቴ፣ ጠዋት ካልደወልኩ ሳትውዪ ነይ ብያታለሁ። ትናንት ደግሞ ርዕሰ መምህራችን አንድ ወረቀት ሰጡኝ፤ ከሰኞ ጀምሮ ዜግነት አላስተምርም፣ የመጻሕፍት ክፍል ጠባቂ ነኝ። ሌላ ነገር ይኑር አይኑር የሚነግረኝ የለም።

ይህን ደብዳቤ ሰው ሁሉ እንዲያነበው በአደባባይ የጻፍኩት ደፍሬ አይደለም። ፍርሃቱን ብቻዬን መሸከም አቅቶኝ ነው።

ትንበያው እንዳይጓደልብዎ ግን የእኔን እነሆ፦ እነዚህ ልጆች የምርጫ ወረቀት ሲይዙ መጀመሪያ የሚያዩት የዕጩዎቹን ስም አይደለም፤ ከኋላቸው የቆመውን ሰው ነው። ይህን በአንድ ክፍለ ጊዜ ያስተማርናቸው እኔና እርስዎ ነን።

ጌታ ዕድሜና ጤና ሰጥቶዎት የዘሩትን ለማየት እንዲያበቃዎ ከልብ እየተመኘሁ፣ አድራሻዬ በእጅዎ ስለሆነ እዚህ ሳልደግመው፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

መምህርት ብርነሽ ባዳቾ

ማስታወሻ፦ ቅጹ መምህራንን አልጠየቀም። ጠይቆኝ ቢሆን ኖሮ ማንን እንደምመርጥ ገና አልወሰንኩም እል ነበር፤ እውነቴን ነው። ጥናትዎ ወስኖልኛል። ማንን እንደሆነ ግን ይተንብዩ።