የአስቴር ጠርሙስ ለምን አበራ

ኅዳር 2፣ ማክሰኞ። ከቀኑ 9 ሰ.

መብራት ጠፍቶ መጣ። ኦቨኑ እንደገና ከዜሮ። የሽንኩርት ልጣጭ፣ ሦስተኛ ሙከራ። ላቦራቶሪው ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል፤ እኔም ጭምር። ጠዋት ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት መስኮት ከፈተች። አልፈረድኩባትም።

ግን ወጡ፣ ማስታወሻዬ። ኳንተም ነጥቦቼ ወጡ! ከልጣጩ የማወጣቸው ደቃቅ የካርቦን ቅንጣቶች ናቸው፤ በዓይን አይታዩም፤ ዕቃው ውስጥ ያለው ቀጭን ሻይ የሚመስል ውሃ ብቻ ነው። ሱቆች ፎርጅድ ብር የሚለዩበትን ሐምራዊ መብራት ሳበራበት ግን ሰማያዊ ሆኖ ፈካ።

ለአንቺ ልንገርሽ፤ ሌላው ሰው ሰልችቶታል። ነጥቧ ሐምራዊውን ብርሃን ትውጣለች። ውስጧ ያለች ኤሌክትሮን በዚያ ጉልበት ወደ ላይ ትዘላለች፤ የነበረችበት ቦታ ባዶ ይቀራል። ላይ ግን አትቆይም። ከጉልበቷ ጥቂቱን በሙቀት ታባክንና ወደ ባዶ ቦታዋ ትወድቃለች፤ ስትወድቅ የቀራትን በብርሃን ትመልሳለች። የተቀበለችውን ሙሉውን አትመልስም። ሐምራዊ ገብቶ ሰማያዊ የሚወጣው ለዚህ ነው። ነጥቧ ትንሽ ከሆነች ኤሌክትሮኗን ቦታ ይጠባታል፣ መውደቂያዋም ይረዝማል፤ ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ነጥቧ ስትተልቅ መውደቂያው ያጥራል፤ አረንጓዴ፣ ከዚያ ቀይ።

ውሃው ውስጥ ጥርስ የሚያበልዘው ፍሎራይድ ካለ ግን ኤሌክትሮኗ ብርሃን ሳትሰጥ ትወርዳለች። ፍካቱ ይደክማል። የመመረቂያ ጽሑፌ በሙሉ ይኸው ነው፤ የፈካ ይጠጣል፣ የደከመ አይጠጣም።

ኅዳር 3፣ ረቡዕ

ታላቅ እህቴ አስቴር ከአዳሚ ቱሉ በሚኒባስ የላከችው ጠርሙስ ደረሰ። ሰፈሯ አዲስ የጉድጓድ ውሃ ገብቶለታል፤ ቦኖው ከበሯ ፊት ለፊት ነው። እኔና እሷ እዚያው አካባቢ የጉድጓድ ውሃ ጠጥተን ነው ያደግነው። ቡናማ ጥርሳችን ምስክር ነው። እኔ ለምጄዋለሁ። አስቴር ግን ዛሬም ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ትሸፍናለች። የሠርጓ ፎቶ ላይ አንድም ቦታ ጥርሷ አይታይም።

ልጇ ሌንሴ አራት ዓመቷ ነው። ቋሚ ጥርሶቿ ድዷ ውስጥ እየተሠሩ ያሉት አሁን ነው። ስለዚህ የሚሰጣት በአቅራቢያው ካለው ሐይቅ ተጣርቶ በጋሪ የሚመጣው ውሃ ብቻ ነው።

ከጠርሙሱ ጥቂት ቀድቼ ነጥቦቼን ጨመርኩበት። ፈካ። ለማወዳደሪያ ካስቀመጥኩት ንጹሕ ውሃ እንኳ ይበልጥ ፈካ! ወዲያው በድምፅ መልእክት ላክሁላት፤ ለሌንሴም ስጫት አልኩ። እልልታዋን መልሳ ላከችልኝ። አማካሪዬን ዶ/ር ገመቹን አልጠየቅሁም። ምን ያስጠይቃል።

ኅዳር 5፣ ዓርብ። ምሳ ሰዓት

አስቴር ደወለች። ስልኩን ላውድ አድርጋው ጎረቤቶቿ ተራ በተራ መረቁኝ። እህቴ በብርሃን መረመረችው እያለች ለሰፈሩ ሁሉ ነግራለች። ሁሉም ለልጆቹ ከቦኖው መቅዳት ጀምሯል። ባለጋሪው በእሷ መንገድ መምጣት ትቷል አሉ።

ኩራት ኩራት አለኝ። ዶርም ስገባ ብቻዬን ስቄያለሁ። ከንጹሑ ውሃ ለምን በለጠ የሚለው ነገር ግን ሁለት ጊዜ መጣብኝ፤ ሁለቴም አባረርኩት።

ኅዳር 8፣ ሰኞ

የሆነውን በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ሐምራዊውን መብራት አብርቼ የራሴን ዕቃ ስፈልግ የአስቴር ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ነጥብ ያልገባበት፣ ውሃ ብቻ። ሰማያዊ ሆኖ አበራ። ቀና ስል የነጭ ጋወኔ እጅጌም በዚያው መብራት እንደዚያው ያበራል። ጋወኑን ቅዳሜ ነው ያጠብኩት።

ደወልኩላት። ጠርሙሱን በምን አጠብሽው አልኩ። በዱቄት ሳሙና ነዋ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ዕቃ ቆሽሾ ይላካል እንዴ አለች፤ ቅር ብሏት። ሌሊቱን ዘፍዝፋ አሳድራዋለች። ያለቀለቀችው ግን አንዴ ብቻ ነው። ወረፋ ተጠብቆ የተቀዳ ውሃ ለማለቅለቂያ አይደፋም፤ እንዲህ እያለች ያሳደገችን እናታችን ናት።

ልብስ እንዲነጣ ሳሙናው ውስጥ የሚገባው ነገር ሐምራዊ ውጦ ሰማያዊ ይተፋል። ልክ እንደ ነጥቦቼ። እኔ ያየሁት ሳሙና ነው። ነጥቦቼ ደክመው ይሁን አይሁን አላውቅም። በሳሙና አትጠቡ፣ በዚያው ውሃ ደጋግማችሁ አለቅልቁ፣ ነጥብ ሳትጨምሩም ውሃውን ብቻውን እዩት ብዬ ለታናናሾቼ ተማሪዎች የማስተምረው እኔ ነኝ። ለእህቴ አልነገርኳትም። ያለ ነጥብም አላየሁትም። እንዲፈካ ፈልጌ ነበር፤ ፈካልኝ።

ስልክ ላይ እውነቱን አልነገርኳትም። ለማረጋገጥ ያህል ሌላ ላኪ፣ የታሸገ ውሃ ገዝተሽ ጠጪና በጠርሙሱ ቅጂ አልኳት። ፈሪ!

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

ለዶ/ር ገመቹ ነገርኩ። አልተቆጡም። በሁሉም ላይ ይደርሳል፣ ናሙናውን ሰርዢውና ቀጥዪ አሉ። ነጥቦቹን አተልቀሽ አረንጓዴ እንዲያበሩ ብታደርጊ ከሳሙናው ሰማያዊ ትለይዋለሽ አሉ። ጥሩ ሐሳብ ነው። ሰው እየጠጣው እንደሆነ ስነግራቸው ግን ብዕራቸውን አስቀመጡ። ቶሎ ብለሽ ንገሪያቸው አሉኝ።

ውጤቱ ይምጣ እያልኩ ነው። ምናልባት ደህና ይሆናል። እያልኩ ነው እንጂ አላምንም።

ኅዳር 11፣ ሐሙስ። ከቀኑ 10 ሰ.

አዲሱ ጠርሙስ ደረሰ። ውሃው ብቻውን ሲታይ ጨለማ። ነጥብ ጨመርኩ፤ ደከመ። በላቦራቶሪው መለኪያም አየሁት። ከሚፈቀደው በላይ ነው፣ ብዙ በላይ።

ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ከሰኞ ጀምሮ መጠርጠሬንም። የሰው ድምፅና የጀሪካን ኳኳታ ከኋላዋ ይሰማኛል። የጥቂት ቀን ውሃ ጥርስ አያበላሽም ብዬ ማስረዳት ጀመርኩ፤ እውነት ነው፣ ግን ከአፌ ሲወጣ ሰበብ ይመስላል።

“ማርቲ፣ የሌንሴን እኔ አቆማለሁ” አለች። “ለሰዎቹ ግን አንቺ መጥተሽ ንገሪያቸው። እኔ በአንቺ ስም ነው የማልኩላቸው።”

ዘጋችው። ዘግታብኝ አታውቅም።

አሁን አይጠጣ ብል ማን ይሰማኛል? ቦኖው በር ላይ ነው፣ ጋሪው ቀርቷል፣ የተማረችው ልጅ ይጠጣ ብላለች። ያፈሰስኩትን መልሼ ማፈስ አልችልም። ቅዳሜ እሄዳለሁ።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

መቂ ላይ ቆመን ተሳፋሪ ጠበቅን። የምናገረውን አራቴ ጻፍኩ፣ አራቴም ሰረዝኩ። ስለ ነጥብ አላወራም። ተሳስቻለሁ፣ ልጆቹ አይጠጡት፣ ጋሪው ይመለስ። በቃ። ቢሰድቡኝ ቆሜ እሰማለሁ።

አዳሚ ቱሉ። ባጃጅ ውስጥ ነኝ፤ ሰፈሯ መግቢያ ላይ አህዮች መንገድ ዘግተውብናል። ቦኖው ከዚህ ይታያል። ሴቶች ተሰልፈዋል። አስቴር ጀርባዋን ሰጥታ ከአንዲት ሴት ጋር ታወራለች፤ እስክመጣ ምንም አልነገረቻቸውም ማለት ነው። ሌንሴ ከእጇ አምልጣ ቧንቧው ሥር ቁጢጥ ብላለች፤ በእፍኟ ልትጠጣ ነው። ወርጄ ልሩጥ።