ወንድሜን ከፑማዋይቆ ገደል እንዳወጣ ይፈቀድልኝ

ለሱንቱርማርካ ፍርስራሽና የተራራ መንገድ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ ኖቬምበር 6 ቀን 2018
አመልካች፦ ኤውሎጊያ ሳይሬ ቻምፒ
አድራሻ፦ ቻካፓምፓ መንደር፣ ኩስኮ

ጉዳዩ፦ «በገዛ ፈቃዱ ሥራውን ትቶ ሄዷል» ተብሎ የተመዘገበው ወንድሜ መዝገቡ እንዲታረምልኝና ወደ ተከለለው ገደል ወርደን እንድንፈልገው እንዲፈቀድልን ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ይህን ጽሑፍ ቁጭ ብለው እንዲያነቡልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ከዚህ በፊት ያስገባኋቸው ሁለት ማመልከቻዎች በመስኮት በኩል ቆመው በሚያነቡ ሰዎች እጅ ቀርተዋል።

1. እኔ አመልካች የአርባ አንድ ዓመት ሴት ስሆን፣ ጎብኚዎችን ወደ ሱንቱርማርካ በሚወስደው የአምስት ቀን የእግር ጉዞ ላይ ለአሥራ ሦስት ዓመት ምግብ አብሳይ ሆኜ ሠርቻለሁ። ታናሽ ወንድሜ ኒካሲዮ ሳይሬ ቻምፒ፣ የሠላሳ አራት ዓመት ሰው፣ በዚሁ መንገድ ጭነት ተሸካሚ ነበር። «ነበር» ልበል «ነው» ልበል አላውቅም። ይህን አቤቱታ የምጽፈውም ከሁለቱ አንዱን ለማወቅ ነው።

2. ኦክቶበር 9 ቀን ሰባት ጎብኚዎችን ይዘን ተነሣን። መሪያችን አስጎብኚው ኤዲልቤርቶ ዋልፓ ነበር። ኤዲልቤርቶ የሴት ልጄ የክርስትና አባት ነው፤ ስለዚህ ለቤታችን አበልጅ እንጂ ባዕድ አይደለም። ይህን የምጠቅሰው በኋላ የሚመጣው ነገር እንዲገባዎት ነው።

3. በሦስተኛው ቀን የዩራቅቃሳን የተራራ መተላለፊያ በር ተሻግረን ከቀትር በፊት ማረፊያችን ደረስን። እዚያም ከጎብኚዎቹ አንዲት አሮጊት ትንፋሽ አጥሯት ከንፈሯ ጠቆረ። የኦክስጅኑ ጠርሙስ ሲፈለግ ጠፋ፤ ጠዋት ከተነሣንበት ሰፈር፣ ከበሩ ወዲያ ማዶ ተረስቷል። ሌሎቹ ተሸካሚዎች ታች ድንኳን ይተክሉ ስለነበር በምድጃው አጠገብ የነበርነው እኔ፣ ኒካሲዮና ኤዲልቤርቶ ብቻ ነን። የተባለውን ሁሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ አንድ ቃል ሳልጨምር አቀርባለሁ።

ኒካሲዮ «አበልጄ፣ ሰማዩን እያየኸው ነው?» አለ።

ኤዲልቤርቶ «አይቼዋለሁ። ጠርሙሱ ካልመጣ ሴትዮዋ እጃችን ላይ መሞቷ ነው። ካንተ የሚፈጥን እግር ደግሞ የለኝም» አለው።

ወንድሜ ሳቀ። «አንተ እኮ የምታሞግሰኝ ዳገት ሲኖር ብቻ ነው» አለና ቢጫ የዝናብ ልብሱን ደረበ። እኔ የተቆላ በቆሎ በኪሱ ጨመርኩለት። «ሾርባውን እንዳትጨርሱብኝ» ብሎኝ ወጣ። ብቻውን ነው የሄደው። ተው አላልኩትም። ክቡር ሆይ፣ ይህ በእርስዎ መዝገብ የሚጻፍ ጥፋት አይደለም፤ ግን ሳልናገረው ማለፍ አልቻልኩም።

4. ዘጠኝ ሰዓት ላይ በረዶ መጣ። አሮጊቷን በብርድ ልብስ አድርገን ወደ ቆላማው ስናወርዳት ትንፋሿ ተመለሰ፤ ለካ ጠርሙሱ ባይመጣም ትድን ነበር። እሷን አልወቅስም። በማግስቱ ኤዲልቤርቶ ከአራት ተሸካሚዎች ጋር ወደ በሩ ወጥቶ ጉልበት የሚደርስ በረዶ አግዶት ተመለሰ። አሮጊቷ ቋንቋችንን ስለማታውቅ፣ ባየችኝ ቁጥር ሁለት እጇን በጆሮዎቿ ላይ ታደርግ ነበር፤ ጆሮ ያለው የሱፍ ቆብ ያደርግ የነበረው ሰውዬ የት አለ ማለቷ ነው። እኔም ወደ ተራራው እጠቁማለሁ።

በአምስተኛው ቀን ጎብኚዎቹ ሊያዩት ወደመጡት ፍርስራሽ ተወሰዱ። እነሱ በእርከኖቹ ላይ ቆመው ፎቶግራፍ ሲነሡ እኔ ድንች ስልጥ ነበር። ሥራዬ ነውና አበሰልኩ።

5. የጽሕፈት ቤትዎ ጠባቂዎች ስድስት ቀን ፈልገዋል፤ ስለ ድካማቸው አመሰግናለሁ። ሆኖም የፈለጉት መንገድ መንገዱን ብቻ ነው። ኦክቶበር 19 ቀን በተጻፈ ደብዳቤ «ተሸካሚው በገዛ ፈቃዱ ሥራውን ትቶ ወደ ቆላ እንደወረደ ከአስጎብኚው ቃል ስለተረዳን ፍለጋው ተቋርጧል» ተባልን። የእኔ ቃል «የጠፊው እህት በመሆኗ ገለልተኛ አይደለችም» ተብሎ ወደ ጎን ተደረገ። የገዛ አበልጃችን የአስጎብኚነት ፈቃዱን እንዳይነጠቅ ፈርቶ፣ እሱ ራሱ የላከውን ሰው «ጥሎን ሄደ» ብሎ በሬዲዮ ተናግሯል።

6. ኦክቶበር 22 ቀን ጽሕፈት ቤትዎ መጣሁ። በመስኮቱ ያሉት ሰው በትሕትና ነው ያነጋገሩኝ፤ ክፉ ሰው አይደሉም። «እህቴ፣ የጠፋ ሰውና የሄደ ሰው መዝገባቸው ለየብቻ ነው። ወንድምሽ ያለው በሄደ ሰው ላይ ነው» አሉኝ።

«ወደ ጠፋው እንዴት ይዛወርልኛል?» አልኳቸው።

«መሞቱን ወይም አደጋ የደረሰበት መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ስታመጪ።»

«ማስረጃው ገደል ውስጥ ነው።»

«ገደሉ ደግሞ የተከለለ ነው። ማንም አይገባበትም።»

ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሳል ሲያሰማ ቦታዬን ለቀቅኩ።

7. ስለ ገደሉ። ፑማዋይቆ ከበሩ በታች ያለው ነው። በውስጡ ከኢንካዎቹ ዘመን የቀረ የድንጋይ ደረጃ አለ፤ እየፈረሰ ስለሆነ እግር እንዳይረግጠው ጽሕፈት ቤትዎ ከልሎታል። ለደረጃው ማዘንዎን አልቃወምም፤ የእኛም ነው። ነገር ግን አባታችንም አያታችንም አቋራጭ ብለው የሚያውቁት እሱን ነው። የሚቸኩል የሳይሬ ልጅ ዋናውን መንገድ ዞሮ አይሄድም። ከገደሉ ማዶ አልፓካ የሚባሉትን ባለ ሱፍ ከብቶች የምትጠብቀው ወይዘሮ ሌዮካዲያ ኡልካ፣ በረዶው ከቀለጠ በኋላ ኦክቶበር 29 ቀን ቤታችን መጥታ እንዲህ አለች፦ «ጥንብ አንሣዎቹ ኮንዶሮች ሦስት ቀን ሙሉ ከአንድ ቦታ አልተነሡም። ከሥራቸው ደግሞ ቢጫ ነገር አለ።» ይህን ስትናገር ዓይኔን አላየችኝም። በዚያ ተራራ ቢጫ የዝናብ ልብስ የሚለብስ ከእኛ ተሸካሚዎች በቀር የለም።

8. ስለ እናቴ። እናታችን ሃሲንታ ቻምፒ ሰባ ሦስት ዓመቷ ነው። ጽሕፈት ቤቱ ልጅሽ ወደ ቆላ ወርዷል ስላላት፣ ከቆላ የሚመጣው አውቶቡስ በሚቆምበት በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ትቀመጣለች። ሰው ወርዶ ሲያልቅ ሾፌሩን «ሌላ የለም?» ትለዋለች። ሾፌሩ አሁን አሁን እሷን ላለማየት ከመታጠፊያው ሳይደርስ ሰው ማራገፍ ጀምሯል። የሙታን ቀን ሲመጣ መንደሩ ሁሉ ለሞቱበት ማዕድ ዘረጋ፤ በሕፃን አምሳል የሚጋገረውን ዳቦ አኖረ። እኔም ለኒካሲዮ ሳህን ላስቀምጥ ስል እጄን ያዘችኝ። «መንግሥት በሕይወት አለ እያለ አንቺ ትገድይዋለሽ?» አለችኝ። ቄሱም ጸሎት እንዲያደርሱልን ብንጠይቃቸው ያለ ሞት ወረቀት አይሆንም ብለዋል። ስለዚህ ወንድሜ ከሕያዋንም ከሙታንም ጋር የሚበላበት ቦታ የለውም።

9. ኖቬምበር 3 ቀን ረፋድ ላይ ኤዲልቤርቶ ዋልፓ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ደጃችን ቆመ። እናቴ ድንች ትልጥ ነበር። አልገባም።

«እመቤቴ፣ እኔ ነኝ የላክሁት። ጥሎን አልሄደም» አላት።

እናቴ ቢላዋዋን አላስቀመጠችም። «ታዲያ ለኔ ምን ትነግረኛለህ? እኔ መች ጥሎ ሄደ አልኩ? ለዋሸሃቸው ሂድና ንገራቸው» አለችው።

እሱም ያን ዕለት ቃሉን በጽሑፍ ሰጠኝ፤ ከዚህ ጋር አያይዤዋለሁ። ተሸካሚን በከፋ አየር ብቻውን ወደ በር የላከ አስጎብኚ ፈቃዱን እንደሚያጣ፣ ምናልባትም ፍርድ ቤት እንደሚቆም ያውቃል። ለእሱ ምሕረት አልለምንም፤ ቅጣትም አሁን አልጠይቅም። ያን የሚያስብ ልብ ዛሬ የለኝም። ደረጃውን ከእኛ ሁሉ ይልቅ የሚያውቀው እሱ ስለሆነ ገመዱን ፊት ፊት ይዞ እንዲወርድ ብቻ እፈልጋለሁ።

10. ስለሆነም ክቡርነትዎን የምለምነው ይህን ነው። አንደኛ፣ «በገዛ ፈቃዱ ሄዷል» የሚለው ቃል እንዲሰረዝ። ሁለተኛ፣ ከመንደራችን አሥር ሰዎች ገመድና ቃሬዛ ይዘን ለአራት ቀን ወደ ፑማዋይቆ እንድንገባ እንዲፈቀድልን። ጠባቂ ቢልኩብን ደስ ይለናል፤ የምንረግጠውን ድንጋይ ይቁጠርብን። ዝናቡ ጀምሯል። በሁለት ሳምንት ውስጥ የገደሉ ወንዝ ይሞላል፤ ከሞላ በኋላ ፈቃድዎ ለማንም አይጠቅምም። በሕይወት አመጣዋለሁ ብዬ አላታልልዎትም። የምለምነው የሚቀበር ነገር ነው።

እናታችን ፊደል ስለማታውቅ፣ እንዳለችው እንድጽፍላት የጠየቀችኝ ይህን ብቻ ነው፦ «ልጠብቀው ወይስ ላልቅስለት? አንዱን ፍቀዱልኝ።»

11. መልስዎን እስከ ዓርብ ድረስ በጽሕፈት ቤትዎ በር ተቀምጬ እጠብቃለሁ። መልስ ባይመጣ ግን እሑድ ጎሕ ሲቀድ እንገባለን። ይህን የምጽፈው ለማስፈራራት አይደለም፤ ተደብቀን እንደ ሌባ መግባት ስለማንፈልግ ነው። ሕግ ጥሰዋል ተብሎ የሚከሰስ ሰው ቢያስፈልግ ሌላ አትፈልጉ፤ ስሜን ሙሉ ከነመንደሬ ከላይ ጽፌያለሁ፤ ከታችም እደግመዋለሁ።

ካለኝ አክብሮት ሁሉና ጊዜ ከሌላት ሰው ሰላምታ ጋር፣

ኤውሎጊያ ሳይሬ ቻምፒ (ፊርማ)
ሃሲንታ ቻምፒ፣ እናት (የጣት አሻራ)

ከላይ በተራ ቁጥር 3 እና 9 የተጻፈው እውነት ነው። የላክሁት እኔ ነኝ። እሑድ አብሬያቸው እወርዳለሁ።
ኤዲልቤርቶ ዋልፓ፣ አስጎብኚ (ፊርማ)