የትኛው ማረፍ ነው

መጋቢት 6 ቀን 1980

ሙሌ፣ ጫማህን አድርጌ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ቡናማውን። አትቆጣም አይደል? የእኔ ሶሉ ተቀዶ ጠጠር ያስገባል። ያንተ ደግሞ ሰፋኝ፣ ካልሲ ደርቤ ነው የማስረው። ስትመጣ ቀለም ተቀብቶ አልጋ ሥር ታገኘዋለህ። እንደነካሁት እንኳ አታውቅም።

ትናንት የአቦ ንግሥ ነበር። መንገዱ እስካሁን የሸንኮራ ልጣጭ ነው። የሒሳብ ፈተና ተመለሰልን... ውጤቱን አልጽፈውም።

ከሰዓት በኋላ ሄሊኮፕተር አለፈ። እማዬ ልብስ እያጠበች ነበር። እጇን ሳታደርቅ ነጠላዋን አንሥታ ወጣችና አውለበለበች። ያንተ ሄሊኮፕተር አሥመራ እንደሆነ ታውቃለች እኮ። «መልሰውት እንደሆነስ በምን አውቃለሁ?» ትለኛለች። ጥፋቱ ያንተ ነው። «የአቦን ጣሪያ ሳይ ሰፈራችንን አውቀዋለሁ፣ ነጭ ነገር ካሳያችሁኝ ደግሞ ቤታችንን አገኘዋለሁ» ያልካት አንተ ነህ። ሸጊቱ በአጥር በኩል ብቅ ብላ «ዘነቡ፣ ታክሲ ነው እንዴ የምታስቆሚው?» አለቻት። ሳቅን። ግን ድምፁ እስኪጠፋ ቆሜ አየሁት።

ከጥምቀት ወዲህ ወሬህ የለም።

መጋቢት 19

ሮበሌ መጣ። ጓደኛህ፣ የሬዲዮ ክፍሉ ሮበሌ። ቁስለኛ ይዞ ከመጣ አውሮፕላን ጋር ነው የመጣው። በር የከፈትኩለት እኔ ነኝ። ግባ ብለው አልገባም። ኮፍያውን በእጁ ያጣጥፋል።

እማዬ ከጓዳ ወጣች።

«ልጄስ?» አለችው።

«አርፈዋል፣ እማማ» አለ።

ከዚያ ሌላ ነገር አልሰማሁም። እማዬ ደፉ ላይ ተቀምጣ ደረቷን ስትመታ ነው የማስታውሰው። ጎረቤት ግቢውን ሞላው። ሮበሌ መኪና ይጠብቀኛል፣ ሱልጣን ቤትም መድረስ አለብኝ ብሎ ሄደ። በአጠገቤ ሲያልፍ ትከሻዬን ያዝ አደረገኝ። አላየኝም ግን።

አንድ ነገር አልገባኝም። ለምን «አርፈዋል»? አንተን ማን አንቱ ይልሃል? ሁላችሁንም ማለቱ ነው? ወይስ ሰው ሲሞት አንቱ ይባላል?

መጋቢት 20

ጠዋት የእድራችን ዳኛ ጋሽ ዋቅጅራ ሰው አሰባስበው ድንኳን ማስተከል ጀመሩ። ሁለቱ ምሰሶ ቆሟል። የሱልጣን እናት እትዬ ከድጃ ከፉሪ በእግራቸው ደረሱ። ሱልጣን የናንተ ሄሊኮፕተር ተኳሽ አይደል? አብረው ሊያለቅሱ መጡ ብዬ ነበር። እሳቸው እቴ፣ ፊታቸው በርቷል። በሰፌድ ዳቦ ይዘዋል። ጾም መሆኑን አስታውሰው ቅቤ እንኳ አላስነኩትም።

ድንኳኑን አዩ። እማዬን አዩ። ጥቁር ለብሳለች።

«ማን ሞተባችሁ?» አሉ።

ሸጊቱ «ሮበሌ አንቺ ቤት አልመጣም?» አለቻቸው።

«መጣ እንጂ። አርፈዋል አለኝ። ሌሊቱን ሙሉ አላህን ሳመሰግን አደርኩ።» ከዚያ ወደ እማዬ ዞረው፦ «ዘነቡ፣ ሄሊኮፕተሩ አርፏል፣ ልጆቹ መሬት ነክተዋል ማለቱ እኮ ነው። ምን ያስለቅስሻል?»

እማዬ ለቅሶዋን አቆመች። እንደዚያ ቀጥ ብላ ስታቆም አይቻት አላውቅም። «እኛ ቤት ሰው ሲሞት ነው አረፈ የሚባለው» አለች። እትዬ ከድጃ ደግሞ «እኛ ቤት አኼራ ሄደ ነው የምንለው» አሉ። ተያዩ። ዳቦው በመሃላቸው ነው።

ሮበሌን እንዳንጠይቀው ሌሊቱን ወደ አሥመራ ተመልሷል።

ጋሽ ዋቅጅራ ብዙ አሰቡ። በመጨረሻ «ንቀሉት» አሉ። በሕይወት ላለ ሰው ድንኳን አይተከልም፣ ቀበሌም ቢጠይቀን የምንለው የለንም። ምሰሶዎቹ የቆሙበት ጉድጓድ ግን አልተደፈነም። ስወጣ እግሬ ገባበት።

መጋቢት 22

እማዬ ጠዋት ጥቁሩን አወለቀች። ከሰዓት መልሳ ለበሰችው።

መጋቢት 26

የአማርኛ አስተማሪያችንን ሄጄ ጠየቅኳቸው። «አረፈ» ስንት ትርጉም አለው? ደስ አላቸው። ከሥራ አረፈ፣ ወፍ ቅርንጫፍ ላይ አረፈ፣ እንግዳ ሆቴል አረፈ፣ ሰውዬው አረፉ... «ዓረፍተ ነገር የምንለውም ከዚሁ ነው፤ ነገር የሚያርፍበት» አሉኝ። ታዲያ የትኛው እንደሆነ በምን ይታወቃል? አልኳቸው። ቃሉ ብቻውን አይነግርህም፣ ከፊቱና ከኋላው ያለውን ተመልከት አሉ።

ከፊቱ «ልጄስ?» ነው። ከኋላው ምንም የለም።

አስተማሪው ለምን እንደጠየቅኩ አልጠየቁኝም። ጥሩ ተማሪ መስያቸው ይሆናል።

ሚያዝያ 5

ፋሲካ አለፈ። እማዬ ያንተን ብልት ከዶሮው ለይታ አስቀምጣ ነበር። ዛሬ ሸተተ። ሳታይ አውጥቼ ለውሻ ሰጠሁት። እንዳየችኝ ግን እርግጠኛ ነኝ።

ሚያዝያ 11

ከእማዬ ጋር ወደ ንስሐ አባታችን ሄድን። አባ በጸጥታ ሰሟት። ለሞተ ፍትሐት አለ፣ መንገድ ላይ ላለ ምሕላ አለ፣ የቱን ላድርግልሽ? አሏት። «ሁለቱንም» አለች። አይሆንም ልጄ አሏት። መስቀል አሳልመው ሰደዱን።

ስንመለስ በአቦ በኩል ነው የመጣነው። እማዬ ድንገት «አርፈህ ተቀመጥ ስለው አንድ ቀን ሰምቶኝ አያውቅም» አለች። ትዝ ይልሃል? ጣሪያ ላይ ወጥተህ ቆርቆሮ ስትረግጥ፣ የሰው ሬዲዮ ስትፈታታ... «አርፈህ ተቀመጥ!» ደግሞ በጥምቀት ስትመጣ «እማዬ አርፈህ ተቀመጥ ትላለች፣ አለቆቼ ደግሞ ገና ሳልቀመጥ ተነሣ ይሉኛል፣ የማንን ልስማ?» ብለህ ያሳቅከን።

እስዋም መንገድ ላይ ትንሽ ሳቀች። ከዚያ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች።

ሚያዝያ 24

እትዬ ከድጃ ረመዳን ይዘዋል። እማዬ ፉሪ ሄዳ ከሳቸው ጋር ዋለች። እሳቸው ሲጾሙ እስዋም ውሃ አልቀመሰችም። ምን ጾም ነው? አልኳት። «የከድጃን» አለች።

የአብራሪያችሁ ባለቤት ኤሌኒም ልትጠይቅ አለቆቻችሁ ቢሮ ሄዳ ነበር። ለእስዋ የሰጧት ቃል ሌላ ነው። «አልተመለሱም።» አሁን ቃላችን ሁለት ሆነ። አርፈዋል። አልተመለሱም። ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ? የሆነ ቦታ አርፋችሁ ሳትመለሱ... ተማርካችሁ? እትዬ ከድጃ የያዙት ይህን ነው። እማዬ ከሳቸው ጋር ስትሆን ታምናለች። እቤት ስትገባ አታምንም። እኔ እየሄድኩ አምናለሁ፣ ስቆም ይጠፋብኛል።

ጫማህን አሁንም አደርጋለሁ። በሕይወት ካለህ ተውሼህ ነው። ካልሆነስ? ያኔ ምኔ ነው?

ግንቦት 6

ሮበሌ ተመለሰ። ዛሬ ገባ፣ ተቀመጠም። እማዬ ሰው ልካ እትዬ ከድጃን አስጠራች፤ እስኪመጡ አንድም ጥያቄ አልጠየቀችውም። እኔ በር አጠገብ ቆምኩ።

እትዬ ከድጃ ገና ሳይቀመጡ «የቱን ማለትህ ነበር?» አሉት።

ሮበሌ ጥያቄውን ወዲያው አወቀው። እኔ የሬዲዮ ሰው ነኝ አለ። ቀን ሙሉ አፌ ላይ ያለው ተነሡ፣ አረፉ ነው። የዚያን ቀን አብራሪው ልናርፍ ነው፣ ቁስለኛ አለ አለኝ። ሙሉሰው ከኋላው ሲስቅ ሰምቻለሁ። ከዚያ ብጠራቸው ብጠራቸው መልስ የለም። እናንተ ደጅ ስቆም ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

«የቱን ነው?» አሉት እንደገና።

«ያን ጊዜ እኔም አላውቅም ነበር።»

አሁን ግን ያውቃል። ከናንተ ኋላ በሌላ ሄሊኮፕተር የነበረ ሰው ሆስፒታል ተኝቶ አግኝቶታል። መሬት ነክታችኋል። ሞተሩ አልጠፋም። አንተ ወርደህ ቁስለኛ ተሸክመህ ወደ በሩ ስትመለስ ነው ሞርታር የወደቀው። ከዚያ ውስጥ ማንም አልወጣም። ሰውየው ሁለት ጊዜ ዞሮ አይቷል።

እማዬ «መሬት ነክቶ ነው ያረፈው?» አለች።

«መሬት ነክቶ ነው፣ እማማ።»

ራሷን ነቀነቀች። ደጋግማ። ሁለቱም ማረፍ እውነት ነበር ማለት ነው። መጀመሪያ የእትዬ ከድጃ፣ ቀጥሎ የእማዬ።

እትዬ ከድጃ ግን ከሮበሌ ላይ ዓይናቸውን አላነሡም። «በእኔ ቃል ንገረኝ» አሉት።

ሮበሌ ተነሥቶ ቆመ። «ሱልጣን አኼራ ሄዷል፣ እማማ ከድጃ።»

ያኔ ነው የተቀመጡት።

ሙሌ፣ በምን ነበር የሳቅከው?

ግንቦት 8

ድንኳኑ በዚያው በጉድጓዱ ቆመ። ኤሌኒ ልጇን አዝላ መጣች። የሱልጣን ዘመዶች መጡ። ነገ ወይ ከነገ ወዲያ ዒድ ነው፣ ግን እትዬ ከድጃ ለእኔ ቤት ዘንድሮ ዒድ የለም ብለዋል። ሐሙስ እኛ ፉሪ እንሄዳለን፣ እነሱ ዱዓ ሲያደርጉ እንቀመጣለን።

አስከሬን የለም። ስለዚህ ፎቶህን፣ ካኪ ልብስህን፣ ቀበቶህን መሃል ላይ አደረጉ። አልቃሿ ዞር ብላ «ጫማው የታለ?» አለች።

ሁሉም መፈለግ ጀመረ። አልጋ ሥር፣ ሳጥን ውስጥ። እግሬ ላይ ነበር። እማዬ ናት ያየችው። መጥታ ፊቴ ተንበረከከች፣ ክሩን ራሷ ፈታች። «ስጣቸው፣ ቦጋለ» አለችኝ።

በካልሲ ቆምኩ። ጭቃ ነበረው... ቀለም አልቀባሁትም ነበር። እቀባዋለሁ ብዬህ... እቀባለታለሁ ብዬ ነበር። እንደዚያው ጭቃ እንዳለው አስቀመጡት። ጭቃውን ያዩ ሴቶች ከጦር ሜዳ የመጣ መሰላቸውና ባሰባቸው። የአቦ መንገድ ጭቃ ነው ማለት አልቻልኩም።

ሰኔ 6

ዘመዶች ሁሉ ሄደዋል። እማዬ ደግሞ ትናንት ጎጃም ሄደች፤ አያታችን አልተረዱም፣ መርዶውን ራሷ ትነግራቸዋለች። ሸጊቱ ምሳ ታመጣልሃለች አለችኝ። ዛሬ ብቻዬን የነቃሁበት የመጀመሪያው ጠዋት ነው።

ትንሽ ተኛሁ። «ተነሣ» የሚል ሰው ስጠብቅ ኖሯል። ተነሣሁ። ምድጃ ለኩሼ ሻይ አፈላሁ፣ ስኳሩ የት እንዳለ አጣሁት፣ እንዲሁ ጠጣሁ። ዝናብ ሌሊቱን ጥሏል። የድንኳኑ ጉድጓዶች ውሃ ሞልተዋል። አካፋ ከሸጊቱ ተውሼ ደፈንኳቸው፤ ላያቸው ላይ ቆሜ በእግሬ ጠቀጠቅኩ።

ከዚያ ጫማውን አወጣሁ። የደረቀውን ጭቃ በቢላ ፋቅኩ። ቀለም ቀባሁት፣ በጨርቅ አሸሁት። ሲያበራ አየሁት። የማን እንደሆነ አሁንም አልገባኝም። ላደርገው ፈለግኩ፣ አንዱን አጠለቅኩ። ከዚያ አውልቄ አልጋ ሥር አስቀመጥኩት፣ ያልኩት ቦታ። የራሴን አደረግኩ። ውሃ ይገባዋል።

ደብተሬን ይዤ በሩን ልቆልፍ ስል ሄሊኮፕተር መጣ። ከደብረ ዘይት በኩል፣ ዝቅ ብሎ። እማዬ ነጠላዋን ይዛው ሄዳለች። ሙሌ እዚያ ላይ እንደሌለ አውቃለሁ። መሬት የነካበትን ቦታ ስም እንኳ ነግረውናል። በምን እንደሳቀ ብቻ ነው የማይታወቀው።

ግን ውስጡ ሰው አለ። የሆነ ሰው ወንድም፣ አሁን የአቦን ጣሪያ የሚያይ።

ፎጣዬን ከገመዱ ላይ ጎትቼ መሃል ግቢ ወጣሁ። እርጥብ ነበር፣ ይከብዳል። በሁለት እጄ ከፍ አድርጌ ያዝኩት። ሸጊቱ በአጥር በኩል ብቅ ብላ አየችኝ፤ ከዚያ እስዋም ወደ ሰማይ ቀና አለች።

እስኪያልፍ አላወረድኩትም። ከዚያ ፎጣውን አሰጣሁ፣ በሩን ቆለፍኩ፣ ትምህርት ቤት ሄድኩ።