ወለል ላይ የቀሩት ጋሪዎች

ሲያትል፣ ኅዳር 1980 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርሽና ለምወድሽ እህቴ፣
ናይሮቢ

እታለም፣ እንደምን ሰንብተሻል? ልጅሽ ትሁንስ ደህና ናት? ያ ሳል ለቀቃት ወይስ አሁንም እንቅልፍ ይነሳችኋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ባልሽ ጋሽ ወንዳፍራሽም ደህና ነው። ይህን የምጽፍልሽ እሱ ከሥራ ሳይገባ፣ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብዬ ነው።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ዘሪቱ ከዚህ ጽፋ፣ ወንድምሽና ባልሽ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ ሰላም አይባባሉም ብላሻለች አይደል? አልተቀየምኳትም፤ ያየችውን ነው የጻፈችው። አንቺ ግን "ምን ደብቃችሁኛል? ከሁለታችሁ ለማን ልዘን?" ያልሽው ከልቤ አልወጣም። ከሌላ ሰው በቁርጥራጩ ከምትሰሚው ከእኔ ከሥሩ ስሚው።

ሥራውን ያስገባኝ እሱ መሆኑን ታውቂያለሽ። ኦበርን ውስጥ ያለ ትልቅ የልብስ ማጠቢያ ነው። የሆቴሎችንና የአረጋውያን መጦሪያዎችን አንሶላና ፎጣ ያጥባል፤ እኛ ሾፌሮቹ ንጹሑን አድርሰን የቆሸሸውን ጭነን እንመለሳለን። አንሶላ ሲሉት ቀላል ይመስላል። ጋሪ ሙሉ ታጭቆ እርጥብ ፎጣ ሲከመርበት ግን በደረት ካልተገፋ አይነቃነቅም። መኪናውን ወደ ኋላ ነድቼ ከማራገፊያው ጋር ማጋጠም ያስተማረኝ ጋሽ ወንዴ ነው። ከጎኔ ተቀምጦ "ቀስ፣ ቀስ፣ መስተዋቱን እንጂ እኔን አትመልከት" ይለኝ ነበር። ስሳሳት አይቆጣም፣ ይስቅብኛል።

ቆይቶ እሱን ዲስፓቸር አደረጉት፤ ሾፌሮቹን የሚያሰማራ፣ ማን የት እንደሚሄድ የሚያዝ ማለት ነው። እዚያ ወንበር ላይ ሐበሻ ሲቀመጥ የመጀመሪያው ነው። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ ሲመሰክር ሰዉ በእልልታ ተቀበለው። እኔም የሱ ዘመድ ነኝ ብዬ ደረቴን ነፍቼ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ሁለት ሾፌሮች ለቀቁ። በምትካቸው ሰው ይቀጠራል ብለን ስንጠብቅ፣ ሚስተር ኦልሰን የሚባለው ሥራ አስኪያጅ የእነሱ ሥራ ለቀረነው ይከፋፈል ብሎ አዘዘ። የሚያከፋፍለው ደግሞ ጋሽ ወንዴ ነው። እኔ የምሠራው ሲታክ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ዙሪያ ያሉትን ሆቴሎች ነበር፤ አሁን ሾርላይን ያሉት መጦሪያዎች ተጨመሩብኝ። አንዱ ከከተማው በስተደቡብ ነው፣ ሌላው በስተሰሜን፤ መሐሉ ላይ ያለው መንገድ ደግሞ ዝናብ ሲጥል ከመሄድ መቆሙ ይበዛል። ምሳዬን መሪ ይዤ መብላት ጀመርኩ። ሆቴል ስደርስ አልጋ የሚያነጥፉት ሴቶች ባዶ ፍራሽ ይዘው ይጠብቁኛል፣ ይጮኹብኛል፤ እነሱም የሚጮኽባቸው አላቸው። ማታ ስመለስ ጋሽ ወንዴ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ "ነገ ፈጠን በል" ይለኛል።

ቤት ስንገባ "ጋሼ፣ ይሄ እኮ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም" አልኩት። "አውቃለሁ። ትንሽ ታገስ፣ ሰው ይቀጥራሉ" አለኝ። ታገስኩ። አልቀጠሩም።

ነገሩ የፈነዳው በጋሽ ገመዳ ነው። ጋሽ ገመዳ ከእኛ ጋር የሚነዱ የወለጋ ሰው ናቸው። እድሜያቸው ገፍቷል፤ ግን የታዘዙትን ሁሉ "ኦኬ፣ ኦኬ" ብለው ይቀበላሉ። አንድ ቀን በአንድ ሆቴል ጓሮ ሳልፍ መኪናቸው በሩ እንደተከፈተ ቆሟል። ፓርክ አድርጌ ስገባ፣ ዝናብ ባራሰው መወጣጫ ላይ ጋሪው ተንሸራቶ እጃቸውን ከግድግዳው ጋር አጣብቆታል። አልጮኹም። በሌላው እጃቸው ሊገፉት ይታገላሉ። ገፍቼ ሳስለቅቃቸው መጀመሪያ ያሉኝ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? "ልጄ፣ ለወንዳፍራሽ እንዳትነግረው፤ ከሥራ እንዳያስወጡኝ።" ፎጣ ጠቅልዬላቸው ሆስፒታል ወሰድኳቸው። ጣቶቻቸው ተሰብረዋል። የሳቸውም የእኔም ጭነት ሳይደርስ ዋለ።

ስመለስ ጋሽ ወንዴ ስልክ በሁለት ጆሮው ይዟል፤ ሆቴሎቹ እየተቀባበሉ ይጮኹበታል። ሳያስጨርሰኝ "የት ጠፋህ? ለኦልሰን ምን ልበለው?" አለኝ። የሰውዬው እጅ ተሰበረ ስለው ፊቱ ልውጥ አለ። ግን ሰዎች ይሰሙን ነበርና "ታዲያ ኮል አታደርግም ነበር?" አለ። ደሜ ፈላ። "ጋሪውን አንተም ገፍተኸዋል፤ ወንበር ላይ ስትቀመጥ ክብደቱ ጠፋህ?" አልኩት፣ በሰው ፊት። እሱም "ቤት ታላቅህ ነኝ፣ እዚህ አለቃህ ነኝ። ካልተመቸህ በሩ ያውልህ" አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ነው ዘሪቱ ያየችው። ሁለት ሰው ተኳርፎ ሲኖርበት አንድ ክፍል ቤት እንዴት እንደሚጠብ አልነግርሽም። ለመተላለፍ እንኳ ግድግዳ እንታከካለን። ቢሆንም የሠራውን ወጥ ከድኖ ያስቀምጥልኝ ነበር፤ እኔም ልብሴን ሳጥብ ሸሚዞቹን አብሬ አጥብለታለሁ። ጨጓራው ተነስቶበት ቀዝቃዛ ወተት ሲጠጣ አየዋለሁ።

በመጨረሻ አንድ ጠዋት ሾፌሮቹ መኪና ማቆሚያው ላይ ተሰበሰብን። ፊሊፒኖዎች አሉ፣ ቬትናሞች አሉ፣ የአገሩ ሰዎችም አሉ። ያነሳሳኋቸው እኔ ነኝ። "ሥራ አናቆምም፣ ማንንም አንሳደብም። የድሮ ድርሻችንን ብቻ እንጫን፤ የተረፈው እዚያው ወለሉ ላይ ይቅር" አልኳቸው። ተስማሙ። በማግስቱ እንደዚያው አደረግን። ሁሉም የራሱን ጭኖ ሲጨርስ፣ ያልተነኩት ጋሪዎች ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተደርድረው ቀሩ።

ሚስተር ኦልሰን ከቢሮው ወረደ። ጋሪዎቹን አየ፣ እኛን አየ። እሱ ሲናደድ አይጮኽም፤ ድምፁ ነው ዝቅ የሚለው። ወደ ጋሽ ወንዴ ዞሮ "ይህን የጀመረው ማነው? ስሙን አሁን እፈልጋለሁ" አለ።

ጋሽ ወንዴ ያውቃል። ሁሉም ያውቃል። አንድ ጊዜ ብቻ አየኝ። እኔም በልቤ፣ በል ጥራኝና ይለይልን አልኩ።

"እኔ ነኝ" አለ ባልሽ። "ጭነቱ በዝቷል። ሰው ተጎድቷል። ተዉት ያልኳቸው እኔ ነኝ።" እንግሊዝኛው ተሰባብሮበታል፤ ግን እያንዳንዱ ቃል ተሰማ።

ኦልሰን መልስ ከመስጠቱ በፊት እግሬ ቀደመኝ። ወደ ፊት ወጣሁና "ውሸቱን ነው። እሱ የሚያውቀው ነገር የለም። የጀመርኩት እኔ ነኝ፣ ሾፌሮቹን ጠይቅ" አልኩ። ጋሽ ወንዴ በአማርኛ "ዝም በል! አንተ ልጅ፣ ዝም በል ብዬሃለሁ!" እያለ ይጮኻል። ኦልሰን ሁለታችንን አፈራርቆ አየን። ከዚያ እጁን ዘረጋና የመኪናውን ቁልፍ ተቀበለኝ።

ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ስሄድ ከኋላዬ የሩጫ ኮቴ ሰማሁ። ጋሽ ወንዴ ነው፤ በዚያ ዝናብ ኮት እንኳ አልደረበም። ይመታኛል ብዬ ነበር። እሱ ግን "ቁርስ በልተሃል?" አለኝ። አልበላሁም አልኩት። የራሱን ምሳ በወረቀት እንደተጠቀለለ ከኪሱ አውጥቶ እጄ ላይ አደረገልኝና ወደ ሥራው ተመለሰ። እርቃችን ይኸው ነው። ሽማግሌም አልተቀመጠበት።

ሾፌሮቹ እኔ ከወጣሁም በኋላ ከድርሻቸው በላይ አልጫኑም። ሆቴሎቹ ሌላ ማጠቢያ እንፈልጋለን ማለት ሲጀምሩ ኦልሰን ሾፌሮች ቀጠረ። ጋሽ ገመዳን ጋሽ ወንዴ ታግሎ ወደ ማጣጠፊያው ክፍል አዛወራቸው፤ ተቀምጠው የሚሠሩበት ነው። ባልሽም ቦታው ላይ አለ፤ ወተቱንም ትቶታል። እኔ ሲታክ፣ የሰው መኪና ፓርክ የማደርግበት ሥራ አግኝቻለሁ። የሚገፋ ነገር የለውም። የማታ ትምህርቴ ብቻ ከሰዓቱ ጋር አልገጥም ስላለ ለጊዜው ትቼዋለሁ። ለዘሪቱ ስትጽፊላት፣ አሁን ከአንድ የመዝሙር መጽሐፍ ነው የሚዘምሩት በያት፤ ካላመነች እሁድ ዞር ብላ ትየን።

አንድ ነገር ልጨምርልሽና ላብቃ። ጋሪዎቹን ከመተዋችን በፊት በዋዜማው፣ የአንቺንና የትሁንን ወደዚህ የመምጣት ጉዳይ የያዘችው ሴትዮ እኛ ቤት ኮል አድርጋ ነበር። ጋሽ ወንዴ ገና አልገባም፤ ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ወንዳፍራሽ አሁንም እዚያው ሥራ ላይ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ሥራው ከተቋረጠ የእናንተ ጉዳይ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀመራል አለችኝ። እዚያው ነው፣ የትም አይሄድም አልኳት።

ለእሱ ሰላም ብላሃለች ብቻ ነው ያልኩት። ስትመጪም አንቺ አታንሺበት።

መንገድ የሚከፍት አምላክ አንቺንም ልጅሽንም በሰላም ያሻግራችሁ፤ በደጅ ጥናት የደከመውን ጉልበትሽን ያበርታው። ትሁንን ጉንጮቿን አገላብጠሽ ሳሚልኝ።

ሁልጊዜ የሚያስብሽ
ታናሽ ወንድምሽ